ከዳዊት መቃብር ሥር ያወጣሁት ሰም

የተቀበረ ነገር አይወጣም። አባቴም እንዲህ ይል ነበር፣ እኔም ለልጄ እንዲህ እል ነበር። ነገር ግን በፍልሰታ ጾም፣ ቀን በብርሃን፣ ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ፣ ከልጄ መቃብር ሥር ቆፍሬ ያወጣሁት ነገር አለ። ሰው ብዙ አወራበት። ግማሹ ጠንቋይ አዞት ነው አለ፣ ግማሹ ደግሞ እርጅና አናቱ ላይ ወጣበት አለ። ሌላው ከሚያወራልኝ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ከሥራ መልስ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው።

በየነ እባላለሁ። ጉልበቴን የጨረስኩት አቃቂ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነው። ሥራውን ለማታውቁት፣ ጥጡ ይባዘታል፣ ይጎተታል፣ ይከረራል፣ ክር ሆኖ ይወጣል። ያልከረረው ብናኝ ሆኖ አየር ላይ ይቀራል። ጸጉራችን ላይ፣ ቅንድባችን ላይ ያርፋል፣ ወደ ሳንባችንም ይወርዳል። ከፈረቃ ስንወጣ የሰፈሩ ልጆች «ሽማግሌዎቹ መጡ!» እያሉ ይስቁብን ነበር። ያኔ ገና ጎረምሶች ነበርን። አሁን እውነተኛ ሽማግሌ ስሆን የሚስቅብኝ ጠፋ።

ግትር ነህ ይሉኛል። ነኝ።

ባለቤቴን አስካለን ያገኘኋት እዚያው ነው። ማጠንጠኛ ክፍል ትሠራ ነበር፤ እኔ የፈተልኩትን እሷ ታጠነጥናለች። «ያንተ ክር ይበጠሳል» ብላ መጣላት የጀመረችኝ ጊዜ ነው ልቤ የሄደው። ሁለት ልጆች ወለድን። ዳዊት በሕፃንነቱ በኩፍኝ ሞተብን። ሰናይት ግን አደገችልን፣ አገባች፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሷት እዚያ ትኖራለች።

አስካለን ጡቷን ያማት ጀመር። እጢ ቢሆን ይዳሰስ ነበር፤ ምንም የሚዳሰስ የለም። ቆዳዋ ብቻ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ስርጉድ አለ። ይህን ያህልማ ምን አለው ብለን ከረምን። በኋላ ሰናይት እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻት። መረመሯት፣ ካንሰር ነው አሉ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ጡቷ ተወሰደ።

እኛ ዘንድ ለታማሚ እውነቱ አይነገርም። ለሐኪሙም «ለእኛ ንገሩን፣ ለእሷ ተዉት» እንላለን። እኔም ሰናይትም ተማክረን አስካለን «ትንሽ እጢ ነበረች፣ ከነሥሯ ወጥታለች፣ አልቋል» አልናት። ደስ አላት። ስለት አስገባች። እኔም ስትደሰት ሳያት ውሸቱ እውነት መሰለኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተቆረጠውን ሥጋ የመረመረው ላቦራቶሪ ውጤቱን ከወረቀቱ ጋር ሲሰጠኝ አንዲት ትንሽ ነገር ጨመረልኝ። የክብሪት ቀፎ እንኳ አታህልም። በላስቲክ ክፈፍ ላይ የተጋገረች ነጭ ሰም ናት፣ መሐሏ ላይ የሥጋ ቀለም ያለው ነጠብጣብ አለባት። በመስኮቱ በኩል የሰጠኝ ሰው «ያስቀምጡት አባባ» አለኝ። ለምን አላለኝም፤ እኔም ለምን አላልኩም። ቤት ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ካልሲዎቼ መሐል አስቀመጥኳት።

አስካለ አገኘቻት።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?»

«ካንቺ የወሰዱት ነው።»

«የኔ ሥጋ?»

«እንዳይበላሽ በሰም አሽገውት ነው።»

«እና ከካልሲህ ጋር አስቀመጥከኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ስማ በየነ፣ ሥጋዬ በየሳጥኑ ተበትኖ እንዲቀር አልፈልግም። በትንሣኤ ቀን ካንተ ቁም ሳጥን ልለቅም ነው እንዴ? አፈር ይልበስ። ከዳዊት ጎን አድርግልኝ።»

እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠ ሰው ሥጋውን ያስቀብራል፤ ይህ የታወቀ ነው። እኔም ምንም ክፋት አልታየኝም። ወሩ ግንቦት ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ፣ ደብራችን ሄጄ ከዳዊት መቃብር ግርጌ ቀበርኳት። አስካለ አጠገቤ ቆማ አንድ እፍኝ አፈር ጣለችበት።

የማወጣበት ቀን የደረሰው በነሐሴ ነው።

ጠዋት ነው። ዝናቡ አባርቶ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል። ሰናይት በሥራ ሰዓት መጣች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል። በረንዳው ላይ ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ያ ሰም የት አለ?»

«የቱ ሰም?»

«ላቦራቶሪው የሰጠህ። የእማዬ። ሐኪሟ ትናንት ደወለችልኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጀርባዬን ያመኛል ስትል የተነሣችው ፎቶ መጥቷል። አጥንቷ ውስጥ ገብቷል አባዬ።»

የበረንዳውን ምሰሶ ያዝኩ።

«መድኃኒት አለ ወይ ስላት፣ እንደ ዓይነቱ ነው አለችኝ። ዓይነቱን ለማወቅ ደግሞ ከዚያች ሰም ላይ ሌላ ምርመራ ይሠራል። ሌላ ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው። ዛሬ ከደረሰ ዛሬውኑ ይጀምራሉ። የት ነው ያስቀመጥካት?»

«ለምን እንደገና አይቆርጡላትም?»

«ከአጥንቷ? እስቲ እያት፣ ይህን የምትችል ትመስልሃለች? ደሞ ከአጥንት የሚወጣው ለዚህ ምርመራ ሁልጊዜ አይሆንም አሉ። የት አለች ስልህ!»

«ተቀብራለች።»

«ምን?»

«ቀብረናታል። ከዳዊት ጎን።»

ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። መናገር የፈለገችውን ዋጠችው፤ አባቷ ነኝና። ይህኔ ከውስጥ የአስካለ ድምፅ መጣ።

«እናንተ! የታመመው ጡቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም እኮ!»

ገባን። አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላወቅንም። ሰናይት ፈጠን ብላ «ለጥንቃቄ አንድ ምርመራ ቀርቷል አሉ እማዬ፣ ሰሟን ፈልገው ነው» አለቻት።

«አይሆንም» አለች አስካለ።

«እማዬ…»

«ያ ልጅ ሲቀበር አፈሩን እፍኜ ውስጥ ይዤው አልለቅ ብዬ ነው በግድ ያስለቀቁኝ። ያንን አፈር ዳግመኛ አታስነኩኝ። ለጥንቃቄ ከሆነ ይቅር። ጥንቃቄ በቃኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለ ዳዊት መቃብር ስታነሳ የሚከራከራት ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔ ግን አካፋዬን ከጓሮ አንስቼ ወጣሁ። ሳትሰማ አውጥቼ፣ አስመርምሬ፣ መልሼ እቀብራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መቼም ግትር ነኝ ብያችኋለሁ።

የደብሩ ዘበኛ ቶሎሳ ይባላል። አባቱ ፋብሪካው ሳይተከል በፊት ያንን አገር ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከእኔ ጋር እኩያ ነን፣ ስንቀላለድ ነው የኖርነው። በር ላይ አካፋውን አየ።

«ለራስህ ነው? ገና ነህ እኮ፣ ምን አስቸኮለህ?»

«ዝም በል ቶሎሳ። ከልጄ ሥር የማወጣው ነገር አለ።»

ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ይሄንንማ አባን ሳትጠይቅ አላስገባህም። አንተንም እኔንም ያባርሩናል።»

የንስሐ አባታችን ከቤተ መቅደስ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰሟን፣ አጥንቷን፣ ለእሷ ያልነገርናትን። ሰሙኝና፣

«ይህ ሬሳ አይደለም አቶ በየነ፣ ባለቤቱ በሕይወት አለች። የመቃብር ሥርዓትም አልተደረገበትም። ስለዚህ ማውጣቱን እኔ አልከለክልም» አሉኝ። አካፋዬን አነሳሁ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሥጋው የማን ነው?»

«የአስካለ።»

«እንግዲያ የምትፈቅደውም እሷ ናት። ከእሷ ተደብቀህ ብትቆፍር ግን ሌባ ነህ።»

እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ተናድጄ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ቤት ስደርስ ግን ንዴቱ በርዶ ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ቀረኝ። ሰናይትን «አንቺ እዚህ ቁሚ» ብዬ ብቻዬን ገባሁ።

አስካለ አካፋውን አየች። «ቆፈርክ?»

«አልቆፈርኩም። ባለቤትየዋን ጠይቅ ብለው መለሱኝ።»

«ባለቤትየዋ መልሳለች።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አካፋውን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩት ነኝ፣ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። «አስካለ፣ አልቋል ያልንሽ ውሸት ነው። ያኔም ካንሰር ነበር። አሁን አጥንትሽ ውስጥ ገብቷል።»

 ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ይኸውልህ» አለች በመጨረሻ፣ «አልቋል ስላላችሁኝ ነው ያስቀበርኩት። ያለቀ ነገር ይቀበራል ብዬ ነው። አለማለቁን ብትነግሩኝ፣ በየነ፣ ካልሲህ መሐል ትኑር እል ነበር እኮ።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ብትወጣ እድናለሁ?»

«አላውቅም። መድኃኒቱን ለመምረጥ ነው። ምናልባት ጊዜ ይሰጥሽ ይሆናል።»

«ይሄ እንኳ እውነት ነው። ለእኔ ስትዋሽ አያምርብህም፤ ድሮም ክር በጥሰህ ‹እኔ አይደለሁም› ስትል ያስታውቅብህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። «ጫማዬን አምጣ። ያለ እኔ የዳዊትን አፈር የሚነካ የለም።»

ባጃጅ ጠራን። ሰናይት እናቷን እቅፍ አድርጋ ይዛ ተቀመጠች፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን በአንድ ቂጤ። ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለለ ሲሄድ አስካለ ጥርሷን ነክሳ አንድም ጊዜ አላቃሰተችም። ደብሩ ስንደርስ ቶሎሳ ድንጋይ አምጥቶ ጆንያ አነጠፈላት። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጀምር» አለችኝ።

የአቃቂን መሬት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥቁር ኮትቻ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይገጥማል፣ አካፋ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። አካፋው ጣሳውን እንዳይወጋው ፈርቼ ጥቂት ገፋ አድርጌ ጣልኩትና ተንበርክኬ በእጄ ጀመርኩ። የቀበርኩበትን ቦታ አውቃለሁ፤ ግርጌው ላይ ካለችው ነጭ ድንጋይ ሥር ነው። ድንጋዩን አነሳሁ። ቆፈርኩ። ክንዴ እስኪጠልቅ ቆፈርኩ።

የለም።

ወደ ግራ ቆፈርኩ። የለም። ጎኔ ውጋት ያዘኝ። ሰናይት «ሰው አውጥቶት ይሆን?» አለች፤ ድምጿ ሊያለቅስ ነው። አስካለ ቀስ ብላ «ወደ ራስጌው እንዳትሄድ» አለችኝ። ራስጌው ዳዊት ነው።

ቶሎሳ ከጎኔ ቁጢጥ አለ። «መቼ ነው የቀበርከው?»

«ግንቦት።»

«ደረቅ ሳለ? እና ስንጥቅ ላይ ነዋ። ኮትቻ የሰጡትን እንደሰጡት አያቆይም በየነ፤ ግንብ እንኳ ያንቀሳቅሳል። ስንጥቁን ይዞ ወደ ታች ወርዶ፣ ዝናቡ ሲመጣ ተዘግቶበታል። ስንጥቁ በየት በኩል ነበር?»

ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ። አስካለ መለሰችለት። «ወደ ባሕር ዛፉ። አፈሩን ስጥል ወደዚያ በኩል ሲፈስ አይቻለሁ።»

ቶሎሳ ጃኬቱን አውልቆ ገባበት። እሱ በአንድ በኩል እኔ በአንድ በኩል። አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ቀዝቃዛ ነገር ነካ።  አፈሩን በጥፍሬ ፈለቀቅኩ። ጣሳው ተጨፍልቋል፣ ክዳኑ ተንጋዷል፣ ውስጡ ቡናማ ውኃ ሞልቷል። ላስቲኩን ፈታሁት። ሰሟ ነጭ እንደሆነች ናት። ውኃ አልገባባትም።

አስካለ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አቀረበቻት።

«ይቺን ታህላለች የምትገድለኝ?»

ገልብጣ አየቻት።

«እንካ» አለችኝ። «አፈሩን መልሱና ሂድ። ሳይገጥም ጥላችሁት እንዳትሄዱ።»

ሰናይት እናቷን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። እኔ ሰሟን በመሐረብ ጠቅልዬ ቃሊቲ ታክሲ ተራ ደረስኩ። እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነው፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነው። ረዳቱ አዘነልኝ መሰለኝ።

«አባባ፣ ይግቡ! ጋቢና አለ!»

ጋቢና ስገባ መቀመጫው ይፋጃል። የድሮ ሚኒባስ ሞተሩ ከመቀመጫው ሥር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወዲያው ዘልዬ ወረድኩ።

«ምነው አባባ?»

«ሞተር ላይ አልቀመጥም። ይቀልጥብኛል።»

«ምን ይዘው ነው? ቅቤ ነው እንዴ በፍልሰታ?» ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

«ሚስቴን ነው የያዝኩት» አልኩት።

ሳቁ ተቋረጠ። ረዳቱ ፊቴን አየ፣ ጭቃውን አየ። መጨረሻ ወንበር መስኮት ጥግ ያለውን ጎረምሳ አስነስቶ አስቀመጠኝ። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ መሐረቡን ወደ ጥላው አዛውር ነበር። ስወርድ ረዳቱ «እግዜር ይማርልዎ አባባ» አለኝ።

ሰናይት የነገረችኝ ሌላው ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀበለችኝ ሩት የምትባል ወጣት የፓቶሎጂ ሐኪም ናት። ሰሟን ጠርዟ ላይ ካለው አፈር ጋር ተቀበለችኝና ቀና ብላ አየችኝ።

«የት ነበረች አባባ?»

«መቃብር።»

አልሳቀችም። አልተቆጣችም። በብርሃን አየቻት፣ ገለበጠቻት። «ውጭዋ ነው የቆሸሸው፣ ውስጧ ደህና ናት። ትሠራለች» አለችኝ።  ወንበር ሰጠችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ። ጡቷን ቆርጣችሁ ጥላችሁት እንዴት አጥንቷ ውስጥ ተገኘ? ደሞስ እጢ አልነበራትም።»

በመጀመሪያው ምርመራ ከሥጋዋ ስስ ቁራጭ የለጠፉባትን መስታወት ሰናይት አስቀምጣት ኖሮ፣ ከእሷ ተቀብዬ ይዤላት ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገችውና «ይመልከቱ» አለችኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ አየሁ። ቆይቶ ሮዝ ሜዳ ታየኝ፤ ሜዳው ላይ ሐምራዊ ነጥቦች አንድ በአንድ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው። አንዱ ሌላውን አልያዘም።

«ደህናው ሕዋስ ብቻውን አይኖርም» አለችኝ። «ቆዳው ላይ እንደ እጅ የሚሆን ነገር አለው፤ በሱ ጎረቤቱን ይይዛል። ደግሞ እንደ ጆሮ የሚሆን አለው። ሰውነት ‹እደግ፣ ተባዛ› ሲል የሚሰማበት ነው።»

«ማነው እደግ የሚለው? ሰይጣን ነው?»

«አይደለም አባባ፣ ሰውነት ራሱ ነው። ቁስል እንዲድን፣ ጡት ወተት እንዲያዘጋጅ እደጉ ይላል። እጁና ጆሮው ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው። እጁ ጎረቤቱን እስከያዘ ድረስ ጆሮውን ዝም ያሰኘዋል፤ ‹እዚህ ሰው አለ፣ ቦታ የለም፣ ተው› ይለዋል። የባለቤትዎ ሕዋሶች ግን እጃቸው ጠፍቷል። የሚይዙት ስለሌለ አልተጠራቀሙም፣ ለዚህ ነው እጢ ሆኖ ያልተዳሰሰው። አንድ አንድ እያሉ ሄዱ። ቢላዋው ሲደርስ የሄዱት ሄደዋል።»

«ጆሮውስ?»

«አሁን የምናየው እሱን ነው። አንዳንዱ ላይ ጆሮው ከመጠን በላይ ይበዛል። ከበዛ የሚደፍነው መድኃኒት አለ። ካልበዛ ግን ያ መድኃኒት አይሠራላትም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲህ ዓይነቱ ላይ ብዙ ጊዜ አይበዛም።»

ትንሽ አሰብኩ። «መጀመሪያ የቱ ነው የተበላሸው? እጁ ነው የለቀቀው ወይስ ጆሮው ነው ያበደው?»

«በእሷ እጁ ሳይቀድም አይቀርም። ግን ሁልጊዜ አናውቅም» አለችኝ። «ጆሮው ሲበዛበትም የቀረውን እጅ ያስለቅቀዋል። አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።»

ፈትል ክፍል የሠራ ሰው ይህን አይረሳም። ክር ማለት ተያይዞ የቆመ ጥጥ ነው። የተለቀቀው ብናኝ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም፤ እስከ ዛሬ እኔ ሳንባ ውስጥ አለ። ሳል መጣብኝ። ውኃ ሰጠችኝ።

ውጤቱ በዚያው ሳምንት መጣ። ሩት ራሷ ደወለችልኝ። በዝቷል አለችኝ። ጆሮው በዝቷል። ካንሰር በዛ ተብሎ ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ገብቼ ለአስካለ እንዳለ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። «እንግዲያ ጆሮውን ይድፈኑትና ትንሽ እንረፍ» አለች።

መድኃኒቱ ተገኘ። ከዚያ ክረምት እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ቆየችልኝ። ተነሥታ ሄዳለች፣ ኮዬ ፈጬ የሰናይትን ደረጃ እያረፈች ወጥታለች፣ ከቶሎሳ ጋር ተሰዳድባለች። ምን እንዳመማት ታውቅ ስለነበር የምትፈልገውን ነገረችኝ፤ ለማን ምን እንድሰጥ፣ ማንን ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ በየትኛው ነጠላ እንድትገነዝ። ሳንዋሽ የኖርነው አንድ ዓመት ያ ብቻ ነው። በኋላ መድኃኒቱ እምቢ አለ። አስቀድመው የሄዱት ሕዋሶች ርቀው ሄደው ኖሯል። በነሐሴ አረፈች፣ እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ማን ቀድሞ እንደለቀቀ አላውቅም።

ሰሟን ሩት መልሳልኝ ነበር። በምርመራው ሳስታለች፣ ያም ሆኖ የቀረው ነጠብጣብ አለባት። ሲገንዟት አባን አስፈቅጄ መዳፏ ላይ አደረግሁላት። አሁን ሥጋዋ አንድ ላይ ነው፣ ከዳዊት ጎን። የሚለቀም ነገር አልቀረም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ መካሪ አይደለሁም፤ ሲመክሩኝም አልወድም። ግን ላቦራቶሪ እንዲህ ያለች ሰም ከሰጣችሁ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጧት፣ ለምን እንደሆነም ጠይቁ። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ካለ ደግሞ ይወቅ። እኛ የደበቅናት ለእሷ አዝነን ነው ብለን ነበር፤ ሳስበው ግን የራሳችንን ፊት እንዳታይብን ነው። ሳናውቀው እጃችንን ለቀን ብቻዋን ልከናት ነበር። ግትርነቴ አሁንም አልለቀቀኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ከመወሰኔ በፊት «ባለቤቱ ማን ነው?» እላለሁ።

በበጋ መቃብሩ ይሰነጠቃል። ያ ወደ ባሕር ዛፉ የሚሄደው ስንጥቅ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ይከፈታል። እኔ በጀሪካን ውኃ ይዤ ሄጄ ቀስ እያልኩ አፈስበታለሁ፣ አፈሩ አብጦ እስኪገጥም። ቶሎሳ በር ላይ ቆሞ «ምን ተክለህ ነው የምታጠጣው?» ይለኛል።

ባዶ ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በማግሥቱ ሲነጋ እንደገና ተከፍቶ አገኘዋለሁ።